ጭድ የዘጋው ራዲያተር፣ መርካቶ ያደረሰን ሞተር

በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ ከሚባለው ሰፈር ስንደርስ አጎቴ ቆም ብለው ግራ ቀኙን ተመለከቱ። ሸክም የያዙ ወጣቶች፣ የተደረደረ ሸቀጥና መንገድ ልቀቁ የሚል የመኪና ጥሩምባ እንጂ ጭድ የሚባል ነገር በአካባቢው አይታይም። «ጭዱ የታለ?» አሉኝ። ጭድ ይሸጥበት የነበረ ተራ መሆኑን ስሙ ይናገራል፤ ዛሬ የቀረው ግን ስሙ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ጉድ ነው!» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ሞተሬን የገደለው ጭድ፤ ሞተር ፍለጋ መጥቼ ያረፍሁትም ጭድ ተራ!»

አጎቴ የፎገራ ሜዳ አርሶ አደር ናቸው። ክረምት ሩዝ፣ በጋ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር አዋጥተው የገዟት ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ማዳበሪያና ዘር ወደ ማሳ፣ ሽንኩርት ወደ ገበያ፣ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ታመላልሳለች። የቆመችው በየካቲት፣ ሽንኩርቱ ከማሳ በሚነሳበት ሳምንት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጉዞ መነሻ አድርጎ፣ ሞተር መለወጥ ግድ ሲሆን ትክክለኛው ሞተር እንዴት እንደሚለይና በመንደር ደረጃ እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል። ጉዳዩ የመኪና ባለቤቶች ብቻ አይደለም። የውኃ ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮ ወይም ትራክተር ያለው ሁሉ አንድ ቀን እዚሁ ጥያቄ ላይ ይደርሳል።

ሞተሩ እንዴት ሞተ?

የፎገራ የሩዝ ገለባ ለከብት መኖ ተፈላጊ ነው። አጎቴም ከውቂያ በኋላ በጥር ወር ገለባና ጭድ ሲያመላልሱ ከረሙ። ከጭነቱ የሚነሳው ብናኝ በራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል እየገባ፣ ከአቧራና ከዘይት ጋር ተለውሶ ቀስ በቀስ እንደ ጭቃ ተለጠፈ። ራዲያተር ሙቀትን የሚያስወግደው ነፋስ በውስጡ ሲያልፍ ነው። ነፋሱ ሲታገድ የሚዞረው ውኃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

የሙቀት መለኪያው መርፌ ለሳምንታት ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። አጎቴም አይተውታል፤ ግን ውኃ እየጨመሩ መንዳቱን ቀጠሉ። በመጨረሻው ቀን ሽንኩርት ሙሉ ጭነው ሲሄዱ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር ወጣ። «እስከ መንደሩ ትድረስልኝ» ብለው አላቆሙም። ሞተሩ ከመንደሩ ሳይደርስ ግሪፕ አድርጎ ቀረ። ጭነቱ በሌላ መኪና እስኪነሳ ድረስ ከሽንኩርቱ ከፊሉ በፀሐይ ተበላሸ።

መካኒኩ ሲፈታው ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ፒስተኖቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቧጥረውታል፤ ብሎኩም ስንጥቅ አለው። ቴስታታውን አስተካክሎ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ፋሻውንና ፒስተኑን ቀይሮ ሞተር ማደስ የሚያዋጣው ብሎኩና ኮሎው ጤነኛ ሲሆኑ ነው። ብሎክ ከተሰነጠቀ ግን የሚሻለው ሌላ ሞተር መፈለግ ነው።

መኪናዋን ትቶ ሌላ መግዛትስ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚህ ሁኔታ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም የብዙ ባለንብረቶች ምርጫ መሆኑ አይገርምም። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ገዥ ብዙ ነው፤ ገዥ በበዛበት ገበያ ደግሞ የሚያታልልም አይጠፋም።

«ይገጥማል» እና «ትክክል ነው»

ከጭድ ተራ ተነሥተን የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። ከአንድ ጋራዥ የለመንነው ወጣት መካኒክ አብሮን ነበር። ብዙም ሳንዞር አንድ ነጋዴ የታጠበና ቀለም የተቀባ ሞተር አሳየን። «ሦስት ኤል ነው ጋሼ፤ የእርስዎ መኪና ሞተር ራሱ ነው» አለ። ዋጋውም አጎቴ ከጠበቁት ያነሰ ነበር። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ።

መካኒኩ ግን ከዋጋው በፊት ጨርቅና ትንሽ ናፍጣ ጠየቀ። በብሎኩ ጎን ለቁጥር የተዘጋጀውን ጠፍጣፋ ስፍራ ጠራረገና «አባባ፣ ይምጡ ያንብቡት» አላቸው። የተቀረጸው 2ኤል ነበር። ነጋዴው አልተደናገጠም። «ያው ነው፤ ይገጥማል» አለ።

መግጠሙ እውነት ነው። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ማሰሪያዎቻቸውም ይቀራረባሉ። ውስጣቸው ግን ይለያያል። 2ኤል 2 ሺህ 446 ሲሲ ሲሆን የፒስተኑ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ነው። 3ኤል 2 ሺህ 779 ሲሲ፣ ፒስተኑ 96 ሚሊ ሜትር ነው። 5ኤል 2 ሺህ 986 ሲሲ፣ ፒስተኑ 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። አጎቴ 2ኤሉን ቢገዙ ኖሮ በጭነትና በዳገት የምትደክም መኪና ይዘው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በኋላ «የሦስት ኤል» ብለው የሚገዙት ፒስተንና ፋሻ አይሆናቸውም።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ማሳ ላይ የቀረው ሽንኩርት አለ፤ የጎረቤቶቻቸው ገንዘብ በእጃቸው ነው፤ በየቀኑ የአልጋና የምግብ ወጪ አለ። በመጨረሻም «የራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እወስደው ነበር፤ የሦስት ሰው ገንዘብ ግን በይገጥማል አይሰጥም» ብለው ተነሡ። ትክክለኛውን ለማግኘት ሌላ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ሦስቱ ማስረጃዎች

ትክክለኛ ሞተር የሚለየው ሦስት ነገሮችን በማገናዘብ ነው።

የመጀመሪያው ሊብሬው ነው። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፈዋል። መርካቶ የሚሄድ ሰው ሊብሬውን ወይም ቅጂውን መያዝ አለበት።

ሁለተኛው በመኪናው አካል ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ሰሌዳ ነው። በቆዩት የቶዮታ መኪናዎች ላይ የሞዴሉ የመጀመሪያ ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይነግረናል። የአጎቴ መኪና ኤል ኤን 106 ናት። «ኤል» የሞተሩ ቤተሰብ፣ «ኤን» ሃይሉክስ መሆኗ ነው። በብዛት የምናውቃት የቀድሞዋ ኮሮላ ኬ ኢ 70 ስትባልም «ኬ» ሞተሩን፣ «ኢ» ኮሮላን ያመለክታል። በኢሱዙ በኩል ኤን ፒ አር 66 የሚባለው 4ኤችኤፍ1፣ ኤን ፒ አር 71 ደግሞ 4ኤችጂ1 ሞተር ይዞ የሚወጣ ነው። የፊተኛው 4 ሺህ 334፣ የኋለኛው 4 ሺህ 570 ሲሲ ነው። በስሙ መጀመሪያ ያለው 4 የሲሊንደሩ ብዛት ነው።

ሦስተኛው በራሱ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸው መለያ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ይህ ነው። በቴስታታው ክዳን ላይ ያለ ጽሑፍ ወይም ተለጣፊ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም፤ ክዳን ከሌላ ሞተር ተፈትቶ ሊገጠም ይችላል። ቁጥሩ የተፋቀ፣ በድጋሚ የተመታ ወይም በብየዳ የተሸፈነ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ነው። የተሰረቀ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን እንኳን በምርመራ ጊዜ ባለቤቱን ያስጠይቃል።

ከመለያው በኋላም መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ኤሌክትሪኩ ባለ 12 ቮልት ነው ወይስ ባለ 24? ሞተሪኖውና ዲናሞው ከመኪናው ባትሪ ጋር ካልተስማሙ ይቃጠላሉ። ሞተሩ የወጣው ከማንዋል ካምቢዮ ነው ወይስ ከአውቶማቲክ? የአውቶማቲኩ ሞተር ፍሪሲዮን የሚታሰርበት ከባድ ጎማ የለውም፤ በኮሎው ጫፍ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታም ላትኖር ትችላለች። ፖምፓው በእጅ የሚስተካከል ሜካኒካል ነው ወይስ በኮምፒውተር የሚታዘዝ? እንደ 2ኬዲ ያሉ ዲ ፎር ዲ የሚባሉ ሞተሮች ከነኮምፒውተራቸውና ከነሽቦ መስመራቸው ካልመጡ አይነሡም፤ ለመንደር ሥራም አይመከሩም።

እኛ በመጨረሻ ያገኘነው 3ኤል ከሚኒባስ የወጣ ነበር። ሞተሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ ቅርጹ ይለያል፤ በአራት ጎማ ከምትነዳ ፒክአፕ የፊት አክስል ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ቀላል ነው። የአሮጌውን ሞተር የዘይት መያዣና የዘይት መሳቢያ ቱቦ ፈትቶ በአዲሱ ላይ መግጠም ነው። ስለዚህ አዲሱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ አሮጌው ሞተር ለቁራሌው መሰጠት የለበትም።

ጤንነቱን መመርመር

ቀለም በሽታ ይደብቃል። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ከውስጡ እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ ከታየ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ኮሎው በቁልፍ ሲዞር ሳይንቀረፈፍ ሙሉ ዙር መዞር አለበት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል።

ከሁሉም የሚታመነው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። ለ2ኤልና 3ኤል ሞተሮች ጤናማው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከ20 በታች የወረደ፣ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ከ5 የበለጠ ልዩነት የሚያሳይ ሞተር ለገዥ አይሆንም። ሻጩ ሲለካ ለማየት ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱ ተገኝቷል።

ክፍያ ሲፈጸም የሞተር ቁጥሩ የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። «ደረሰኝ ካልፈለጉ እቀንስልዎታለሁ» የሚለው ቅናሽ በኋላ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ዋጋውን ያስከፍላል።

በግቢ ውስጥ ሲገጠም

ሞተር በግቢ ውስጥ መለወጥ ይቻላል፤ የአጎቴም የተገጠመው በግቢያቸው ነው። ነገር ግን ልምድ ያለው መካኒክ መኖር አለበት። ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ብረት ከሰው በላይ ይንጠለጠላልና ቀልድ የለውም። ፓራንኮውን በቤት ማገር ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ መስቀል ለአደጋ መጋበዝ ነው። በደንብ የታሰረ ባለ ሦስት እግር ብረት ወይም የጋራዥ ማንሻ መከራየት ይሻላል። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይሆንም፤ መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ሳያርፍ ማንም ሥሩ አይግባ።

ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀላል። ውኃውና ዘይቱ በዕቃ ይቀዳሉ፤ ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ጉድጓድ አይፈስሱም። ማንኛውም ሽቦና ቱቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ በፕላስተርም ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ራዲያተሩ፣ የነዳጅ መስመሩ፣ የጭስ ማውጫውና ሞተሪኖው ይፈታሉ። ካምቢዮው ከሥር ከተደገፈ በኋላ የሚያገናኙት ብሎኖችና የሞተር ማሰሪያ ጎማዎች ተፈትተው ሞተሩ በዝግታ ይወጣል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ ሞተሩ ውጭ ሳለ መለወጥ ያለባቸው ነገሮች አሉ። የኋላው የዘይት ጎማ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የፍሪሲዮን ሸራና የታይሚንግ ቀበቶው ዋነኞቹ ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቀበቶው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይለወጣል። ያገለገለ ሞተር ምን ያህል እንደሄደ ስለማይታወቅ ግን ዛሬውኑ መለወጥ ነው፤ ቀበቶ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ካምቢዮና ሞተር ሲገናኙ በብሎን ጉልበት እየሳቡ ማስገባት የፍሪሲዮን ሸራን ይሰብራል፤ ሁለቱ አካላት በእጅ ግፊት ገጥመው ብሎን የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይትና ውኃ ከተሞላ በኋላ በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የቀረው አየር ይወጣል። ሞተሩ እንደተነሣ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው ማጥፋት ነው።

አጎቴም አሮጌውን ራዲያተር ሳያጸዱ አዲስ ሞተር መግጠም አልተፈቀደላቸውም። መካኒኩ ራዲያተሩን ነቅሎ ከውስጥ በኩል ወደ ውጭ በውኃ ሲያጥበው የወጣው ጭድ አንድ ቁና ባይሞላም ከእፍኝ በላይ ነበር። አጎቴ እፍኙን አንሥተው አዩት፤ ምንም አልተናገሩም።

ለፓምፕና ለወፍጮ ባለቤቶች

ይኸው የመለየት ጥንቃቄ በሌሎች የእርሻ ሞተሮች ላይም ይሠራል። በወፍጮ ቤትና በፓምፕ ላይ የምናያቸው የቻይና ባለ አንድ ሲሊንደር ዲዝሎች ስማቸው ራሱ ይናገራል። ኤስ 195 ማለት አንድ ሲሊንደር፣ 95 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፤ ኤስ 1100 አንድ ሲሊንደር፣ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በቆዩ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ያለው ፐርኪንስ 4.236 ሲባል 4 ሲሊንደርና 236 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 3.86 ሊትር ገደማ ነው።

የወፍጮ ሞተር ሲለወጥ ከፈረስ ጉልበቱ ሌላ ፍጥነቱን ማየት ያስፈልጋል። በደቂቃ 1 ሺህ 500 ዙር የሚዞር ሞተር 20 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ይዞ፣ ወፍጮው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ካለ ወፍጮው 750 ዙር ይዞራል። በእሱ ፋንታ 2 ሺህ 200 ዙር የሚዞር ሞተር በዚያው ፑሊ ቢገጠም ወፍጮው ወደ 1 ሺህ 100 ይወጣል፤ ድንጋዩ ይግላል፤ ዱቄቱ ይቃጠላል፤ አደጋም ያስከትላል። የሞተሩን ፑሊ ወደ 13.6 ሳንቲ ሜትር ማሳነስ የቀድሞውን ፍጥነት ይመልሳል።

ከፍታም ይታሰብ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ጣና ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ነው። በሰሌዳው ላይ 12 ፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚያ የሚሰጠው ወደ 10 ነው። ደጋ ላይ ከዚያም ያንሳል። ፓምፕ ሲመረጥ ይህ ካልታሰበ ውኃው ከማሳው አፋፍ ሳይደርስ ይቀራል።

ወረዳ ምን ሊያግዝ ይችላል?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ሞተር ለመለወጥ ያሰበ ባለንብረት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት ጠይቆ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ማወቅ አለበት። በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና በብሎኩ ላይ ያለው ካልተገናኙ በዓመታዊው ምርመራ ቦሎ ማግኘት ያስቸግራል፤ መኪናዋን ለመሸጥም እንቅፋት ይሆናል። የወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህንን መመሪያ በአንድ ገጽ ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ ብዙ ምልልስ ይቀራል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተቀናጅተው ከውቂያ በፊት የአንድ ቀን የራዲያተር፣ የአየር ማጣሪያና የዘይት ምርመራ ቢያዘጋጁ ትልቅ ጥቅም አለው። ኮሌጆቹ አንድ የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዘው ለአርሶ አደሩ ቢያውሱ፣ ሞተር ግዥ ለሚሄዱ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አንድ ባለሙያ ቢመድቡ፣ ለሥልጠናቸው ተግባራዊ ትምህርት ለገዥው ደግሞ ዋስትና ይሆናል።

አጎቴ ከመርካቶ የተመለሱት ካሰቡት በላይ ቀን ፈጅተው፣ ካሰቡትም በላይ ወጪ አውጥተው ነው። የመጀመሪያው ዙር ሽንኩርት ኪሳራ አልተመለሰም። የቀረው ግን በራሳቸው መኪና ገበያ ወጥቷል። ደረሰኙና የተስተካከለው ሊብሬ በአንድ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል። ለሁለቱ ጎረቤቶቻቸውም ቁጥሩን በብሎኩ ላይ አንድ በአንድ አስነብበዋቸዋል።

በቅርቡ ስጎበኛቸው ከራዲያተሩ ፊት በቀላሉ የሚነቀል ቀጭን የሽቦ ወንፊት አስረው አገኘሁ። ገለባ ባመላለሱ ቁጥር ማታ ነቅለው ያራግፉታል። መርፌዋ ከወትሮው ቦታዋ ከወጣችም ይቆማሉ። «ሽንኩርቱ ይጠብቅ» አሉኝ፤ «ለሽንኩርቱ ብዬ ነው ሞተሩንም ሽንኩርቱንም ያጣሁት።»